ክሩ ከወጣ በኋላ፦ ሁለት የቆዳ ነጥቦች የወጡላት ሴት የቆዳ እንክብካቤ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጉዳይ ለምን ተመዘገበ

በአንድ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ ውስጥ በቁስል እንክብካቤ ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። በተለምዶ «ማርያም የሳመችው» የሚባለውን፣ በሕክምናው ቋንቋ ሞል ወይም ኔቨስ የሚሰኘውን የቆዳ ነጥብ ማስወጣት ከቀላል ሕክምናዎች የሚመደብ ነው፤ ታካሚው በገባበት ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚህ በታች የማቀርበው ጉዳይ ግን ከ1 ዓመት በላይ ወስዷል። በአንዲት ሴት ላይ፣ በአንድ ቀን፣ በሁለት የተለያዩ ዘዴዎች ሁለት ነጥቦች በመውጣታቸው አንዱን ከሌላው ጋር እያነጻጸሩ ለመማር የሚመች ጉዳይ ነው። እንድጽፈው ያነሳሳኝ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እኛ ለታካሚዋ የሰጠነው ምክር የስፌቱ ክር በወጣበት ቀን ሲያበቃ፣ ቆዳዋ ግን ገና የመዳን ሥራውን በመጀመር ላይ ነበር። ታካሚዋ ጉዳይዋ እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮች ተትተዋል።

ታካሚዋና ሁለቱ ነጥቦች

ታካሚዋ የ27 ዓመት ሴትና የ2 ዓመት ሕፃን እናት ናት። ቆዳዋ ጠይም ነው፤ አታጨስም፤ በቋሚነት የምትወስደው መድኃኒትም የለም። የመጀመሪያው ነጥብ በቀኝ መንጋጋዋ ጠርዝ ላይ የነበረ፣ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይለወጥ የቆየ ጉብታ ሲሆን፣ እንዲወጣላት የፈለገችው ለመልኳ ስትል ነበር። ሁለተኛው በግራ ትከሻዋ ጀርባ፣ የጡት መያዣ ማንገቻ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይገኛል። ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር፤ ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ጠርዙ ተዛብቶ ቀለሙም ከቡናማ ወደ ጥቁርና ግራጫ የተቀላቀለ ሆኗል። ሁለት ግማሾቹ አለመመሳሰላቸው፣ የጠርዙ መዛባት፣ የቀለሙ መቀላቀል፣ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጡና በጊዜ ውስጥ መለወጡ እያንዳንዳቸው ሐኪምን የሚያሳስቡ ምልክቶች ናቸው። እዚህ አብረው ስለተገኙ የትከሻው ነጥብ ሳይመረመር ሊተው የሚችል አልነበረም።

ከሕክምናው በፊት ታሪኳን ስንወስድ ለማደንዘዣ አለርጂ እንዳላት፣ ደሟ ቶሎ ያለመቆም ችግር እንዳለበት ጠይቀናል። በራሷም ሆነ በቤተሰቧ ውስጥ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ የሚያድግበት ሰው መኖሩን ግን አልጠየቅንም። ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከ3 ወር በኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

የተሠራው ሕክምና

የመንጋጋው ነጥብ በማደንዘዣ መርፌ ከደነዘዘ በኋላ ከቆዳው ወለል ጋር ተስተካክሎ በስለት ተላጠ። ይህ ዘዴ ስፌት አያስፈልገውም፤ የሚተወውም እንደ ጉልበት ጭረት ያለ ጥልቀት የሌለው ቁስል ነው። የትከሻው ነጥብ ግን በዙሪያው ካለው ትንሽ ጤነኛ ቆዳ ጋር እስከ ሥሩ በአልማዝ ቅርጽ ተቆርጦ ወጣ፤ ከውስጥ በሚሟሟ ክር፣ ከውጭ ደግሞ በሚወጣ ክር ተሰፋ። የስፌቱ ርዝመት 3.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። የአንድ ክብ ነጥብ ቁስል ከነጥቡ ብዙ እጥፍ መርዘሙ ታካሚዎችን ዘወትር ያስደነግጣል፤ ክብ ቀዳዳ ዝም ብሎ ቢሰፋ ጫፎቹ ስለሚጎብጡ መስመሩ ረዘም ተደርጎ መቆረጥ አለበት። ይህን አስቀድመን በወረቀት ላይ ሥለን አሳይተናት ስለነበር አልደነገጠችም።

ሁለቱም ናሙናዎች በተለያየ ዕቃ ተደርገው ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ተላኩ። ከ10 ቀን በኋላ የመጣው ውጤት ሁለቱም ካንሰር እንዳልሆኑ አረጋገጠ። የውጤቱን ቅጂ ለእሷም ሰጥተን፣ የማይጠፋበት ቦታ እንድታስቀምጠው አደራ አልን። ያ ወረቀት በ5ኛው ወር እንዴት እንደጠቀመ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት

በዚያው ቀን ምሽት 2 ሰዓት ገደማ ስልክ ደወለች። «ሲስተር፣ ፊቴ መድማቱን አላቆመም፤ አንድ ሰዓት ሊሞላው ነው» አለችኝ። ምን እያደረገች እንደሆነ ስጠይቃት በሶፍት እንደምትጠርገው፣ ቆም እንዳለ ለማየት በየግማሽ ደቂቃው እያነሣች በመስታወት እንደምታየው ነገረችኝ። ችግሩ ያለው እዚያ ላይ ነበር። ደም የሚቆመው በቁስሉ አፍ ላይ ረጋ ብሎ ሲጓጉል ነው፤ ሶፍቱ በተነሣ ቁጥር ግን ገና የተሠራው ጉጉል አብሮ ይነሣል።

«እህቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ አጥፈሽ ያዢበት፤ ጫን አድርጊ፤ ሰዓት እያየሽ 15 ደቂቃ እስኪሞላ ለማየት እንኳ እንዳታነሺው» አልኳት። መልሳ ስትደውል ቆሞ ነበር።

በመጀመሪያው ምሽት መድማት የተለመደ ነው፤ ከማደንዘዣው ጋር ብዙ ጊዜ የሚቀላቀለው አድሬናሊን የደም ሥሮችን ለጥቂት ሰዓታት አጥብቦ ይይዛል፤ ኃይሉ ሲያልቅ ሥሮቹ ተመልሰው ይከፈታሉ። ይህን ከመሄዷ በፊት ብንነግራት ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ በፍርሃት ባላሳለፈች ነበር። ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ተጭኖም የማይቆም ደም ግን ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።

የደረቀው ቁስልና የረጠበው ቁስል

የሰጠናት መመሪያ አጭር ነበር፦ ለ24 ሰዓት ሽፋኑን ሳይረጥብ መጠበቅ፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ቁስሉን በለዘብተኛ ሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ሳያሹ ማድረቅ፣ ስስ ቫዝሊን መቀባትና በፕላስተር መሸፈን። የትከሻውን እጇ ስለማይደርስ ባለቤቷ ይሠራላት ነበር፤ እሱም ወረቀቱን አንብቦ በተባለው መሠረት ሠራ። የመንጋጋውን ግን ራሷ ስለምትይዘው፣ አንዲት ወዳጇ «ቁስል አየር ካላገኘ አይድንም» ስላለቻት ፕላስተሩን አነሣችው፤ በቀን ሦስት ጊዜ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ትጠርገውም ጀመር።

በ5ኛው ቀን ስናያት ልዩነቱ በዓይን የሚታይ ነበር። የትከሻው የስፌት መስመር ንጹሕ፣ ጠርዙ ሮዝማ፣ ቅርፊት የሌለው ሆኖ አገኘነው። የመንጋጋው ግን ጥቁርና ወፍራም ቅርፊት ይዞ፣ ባኘከችና ባዛጋች ቁጥር እየተሰነጠቀ ከሥሩ ይደማ ነበር። በእርግጥ ሁለቱ ቁስሎች በዓይነት ስለሚለያዩ ማነጻጸሩ ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን የተላጠ ቁስል እርጥበቱ ሲጠበቅለት ይህን የመሰለ ቅርፊት እንደማያበዛ በየጊዜው የምናየው ነው።

ቁስል መድረቅ አለበት የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ በቅንነት የሚሰጥ ምክርም ስለሆነ ታካሚዎችን ለመውቀስ አልደፍርም። ይሁን እንጂ ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ የተሸፈነና እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለአየር ከተተወው በእጥፍ ያህል ፍጥነት በአዲስ ቆዳ እንደሚሸፈን አሳይቷል። ምክንያቱ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም፤ አዲሶቹ የቆዳ ሕዋሳት ከቁስሉ ዳር ተነሥተው ወደ መሐል የሚሻገሩት በእርጥብ ወለል ላይ ነው፤ ቅርፊት ካለ ግን ከሥሩ እየቆፈሩ ማለፍ ይኖርባቸዋል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና አልኮል ደግሞ ጀርሙን ብቻ ለይተው አይነኩም፤ እነዚያኑ አዲስ ሕዋሳትም ይጎዳሉ።

ቅርፊቱን አልላጥነውም። ቫዝሊን ደጋግማ እየቀባች እርጥበቱን እንድትጠብቅለት አደረግን፤ በ4 ቀን ውስጥ ለስልሶ በራሱ ለቀቀ።

ኢንፌክሽን የመሰለው ሽፍታ

በ8ኛው ቀን ሳትጠራ መጣች። ሁለቱም ቦታዎች ቀልተው፣ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን ሽፍታዎች አውጥተው ነበር። ኢንፌክሽን መስሏት ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ የአንቲባዮቲክ ቅባቱን መጠን እንደጨመረች ስትናገር ነው ቅባት መጠቀሟን የሰማነው፤ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ቫዝሊኑ ላይ ጨምራ መንጋጋዋን ትቀባ፣ ትከሻዋንም ባለቤቷ እንዲቀባላት ታደርግ ኖሯል። ለዓመታት ለማንኛውም ጭረት የምትጠቀምበት ቅባት በመሆኑ ለእኛ መናገር ያለባት አልመሰላትም።

መጀመሪያ ሲታይ እኔም ኢንፌክሽን ነው ብዬ ነበር። አብራኝ ያየቻት ሐኪም ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀቻት፦ «ያምሻል ወይስ ያሳክክሻል?» መልሷ «እንቅልፍ እስከሚነሣኝ ያሳክከኛል፤ ሕመም ግን የለውም» የሚል ነበር። መግል የለም፤ ትኩሳት የለም፤ ቅላቱ በትከሻዋ ላይ ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ሠርቷል። አራት ማዕዘኑን ሲያዩ የፕላስተሩ ማጣበቂያ ነው ማለት ይቀናል። ነገር ግን ፕላስተር ለብዙ ቀናት ባልነበረበት መንጋጋዋ ላይም፣ ቅባቱ እስከተሻገረበት ድረስ ያው ሽፍታ ነበረ። ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኛቸው ቅባቱ ብቻ ነው።

ቅባቱ ኒዮማይሲን ነበረበት፤ ይህም በቆዳ ንክኪ አለርጂን በማስነሣት በሰፊው የሚታወቅ መድኃኒት ነው። ቅባቱን አስቆምን፤ በቁስሎቹ ዙሪያ ላለው ቆዳ ለጥቂት ቀናት ቀላል የስቴሮይድ (የቆዳ ቁጣን የሚያበርድ) ክሬም ታዘዘ፤ በቁስሉ ላይ ንጹሕ ቫዝሊን ብቻ ቀጠለ። በ3 ቀን ማሳከኩ ቀለለ፤ በሳምንት ሽፍታው ጠፋ። ከ2 ወር በኋላ የተደረገላት የቆዳ አለርጂ ምርመራም ኒዮማይሲን መሆኑን አረጋገጠ።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከ900 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ከትንንሽ የቆዳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነጭ ቫዝሊንን ባሲትራሲን ከተባለ የአንቲባዮቲክ ቅባት ጋር አወዳድሮ፣ በኢንፌክሽን ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ የንክኪ አለርጂ የታየው ግን በአንቲባዮቲኩ ወገን ብቻ ነበር። ንጹሕ ሆኖ ለተሠራ ቁስል ቫዝሊን ይበቃል የምንለው ከዚህ በመነሣት ነው። እውነተኛ ኢንፌክሽን ሌላ መልክ አለው፦ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከቀን ወደ ቀን ይጨምራል፤ ቅላቱ ከቁስሉ ዳር እየራቀ ይሰፋል፤ ቦታው ይሞቃል፤ መግል ይይዛል፤ ትኩሳትም ሊከተል ይችላል። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት በግልጽ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱን በእጅ ጀርባ መዳሰስና እብጠቱን መከታተል ይበልጥ ይረዳል።

ስፌቱ የተከፈተበት 17ኛው ቀን

ፊት ላይ ያለ ስፌት ከ5 እስከ 7 ባሉት ቀናት ውስጥ ይወጣል፤ ጀርባና ትከሻ ግን እንቅስቃሴና ውጥረት ስለሚበዛባቸው እስከ 14 ቀን ይቆያል። በ14ኛው ቀን ክሯን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። መስመሩ ያማረ ነበር። «በቃ፣ ጨርሰናል» አልኳት። ያን ቃል ባልናገረው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ከ3 ቀን በኋላ ልጇን ከመሬት አንሥታ በግራ ትከሻዋ ላይ ስታስተኛው የሆነ ነገር «ሲላቀቅ» ተሰማት። ስትመጣ የስፌቱ መሐል 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ተከፍቶ ነበር። ቁስሉ ቀይና ንጹሕ ስለነበረ ሐኪሟ ዳግም አልሰፋችውም፤ ከሥሩ እየሞላ እንዲድን ተተወ። በየቀኑ እየታጠበ፣ ቫዝሊን እየተቀባና እየተሸፈነ 4 ሳምንት ፈጀ።

ከላይ የተዘጋ ቆዳ ከውስጥ ጠንካራ ነው ማለት አይደለም። ክር በሚወጣበት ጊዜ ቁስሉ ከጤነኛው ቆዳ ጥንካሬ ጥቂቱን ብቻ ይዟል፤ ከ3 ሳምንት በኋላ እንኳ ከሩብ ብዙም አይርቅም፤ 80 በመቶ ያህሉን ለማግኘት 3 ወር ይወስዳል፤ ከዚያ በላይም እምብዛም አይሄድም። ስለዚህ ክር የሚወጣው ቆዳው ስለጠነከረ ሳይሆን፣ ክሩ ከዚህ በላይ ቢቆይ የራሱን ምልክት ስለሚተው ነው። ይህን በቃል ብነግራት፣ ከክሩ በኋላም መስመሩን በወረቀት ፕላስተር ደግፌ፣ ልጇን ለተጨማሪ ሳምንታት በቀኝ እጇ እንድትይዝ ባሳስባት ኖሮ መከፈቱን ለማስቀረት ጥሩ ዕድል ነበረን።

ጠባሳው ከቁስሉ ድንበር ሲያልፍ

በ3ኛው ወር መጨረሻ የትከሻው ጠባሳ አብጦ፣ ጠጥሮና ያሳክካት ጀምሮ ነበር። ክር የወጣበትን ቀን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን አድርገን ስናየው፣ እብጠቱ ከቀድሞው የቁስል መስመር በሁለቱም በኩል አልፎ ወደ ጤነኛው ቆዳ ገብቷል። ልዩነቱን የሚወስነው ይህ ነው፤ በቁስሉ ድንበር ውስጥ ብቻ ያበጠ ጠባሳ ከጊዜ ጋር በራሱ ሊረግብ ይችላል፤ ድንበሩን የሚሻገረው ኬሎይድ ግን ሕክምና ካላገኘ ብዙ ጊዜ አይመለስም። በዚያን ጊዜ ነው «እናቴም ጆሮዋን ተበስታ እንዲህ ያለ ነገር አውጥቶባታል» ያለችን። ጠይም ቆዳ፣ ወጣትነት፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ትከሻ ላይ መሆኑ፣ በዚያም ላይ ተከፍቶ ዘግይቶ የዳነ ቁስል፤ ለኬሎይድ የሚያጋልጡት ነገሮች በሙሉ ማለት ይቻላል ተሟልተዋል።

እንዲቆረጥላት ለመነች። ሐኪሟ እምቢ ያለችው ኬሎይድ ብቻውን ሲቆረጥ ብዙ ጊዜ ተመልሶ፣ አንዳንዴም ከፊተኛው ገዝፎ ስለሚመጣ ነው። በምትኩ ጠባሳው ላይ የሚለጠፍ የሲሊኮን ልጣፍ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንድታደርግና በየ5 ሳምንቱ ጠባሳው ውስጥ የስቴሮይድ መርፌ እንድትወጋ ተደረገ። ከ2ኛው መርፌ በኋላ ማሳከኩ ቆመ፤ ከ4ኛው በኋላ ጠባሳው ከቆዳው ወለል ጋር ሊስተካከል ምንም ያህል አልቀረውም። ስፋቱ ግን አልተመለሰም፤ መርፌው ባረፈበት አካባቢም ቆዳዋ ትንሽ ነጣ ብሏል፤ ይህ የመርፌው የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በመሐሉ ቪታሚን ኢ ዘይት ትቀባ እንደነበረ ነግራናለች፤ ጠባሳን ስለማሻሻሉ ማረጋገጫ የሌለው፣ አንዳንዶችንም የሚያሳክክ በመሆኑ እንድትተወው መክረናታል።

መንጋጋው ላይ የቀረው ጥቁረትና ተመልሶ የታየው ነጥብ

የመንጋጋው ቁስል ሳያብጥ ዳነ፤ ነገር ግን ከቀድሞው ነጥብ የሰፋ ጠቆር ያለ ምልክት ተወ። ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ያበዛል፤ የተሰነጠቀው ቅርፊትና ሽፍታው ለዚህ በቂ ነበሩ፤ ፀሐይ ደግሞ አጠነከረችው። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ መከላከያ መጠኑ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ክሬም በየቀኑ፣ ውጭ ስትቆይ ደግሞ በየ2 ሰዓቱ እየደጋገመች እንድትቀባ ተነገራት። ክፍት ቁስል ላይ ክሬሙ አይቀባም፤ እዚያ የሚከላከለው ሽፋን ነው። ጠይም ቆዳን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ስለሚያጠቁረው ብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ክሬም ተመረጠላት። በ9ኛው ወር ምልክቱን ለማየት መጠጋት ያስፈልግ ነበር።

በ5ኛው ወር ግን ሌላ ድንጋጤ መጣ፤ በጠባሳው መሐል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ታየች። ታካሚዋ ያለቀሰችው በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ካንሰር ሆኖ የተመለሰ መስሏት ነበር። ነጥብ በመላጥ ሲወጣ በቆዳው ጥልቀት ውስጥ ጥቂት ሕዋሳት ሊቀሩ ይችላሉ፤ እነዚህም ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ቀለም ይዘው ብቅ ይላሉ። የፓቶሎጂ ውጤቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጠን ነገሩ ቀለለ። ሐኪሟ በቆዳ ማጉያ መሣሪያ መርምራ ቀለሙ ከጠባሳው ድንበር አለመውጣቱን አየች፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በየ3 ወሩ እንዲታይ ተወሰነ። ዳግመኛ እንዲወጣ ቢያስፈልግ የቀድሞው ውጤት አብሮ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ተመልሶ የበቀለ ነጥብ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቆዳ ካንሰርን ሊመስል ስለሚችል፣ መርማሪው ታሪኩን ካላወቀ ሊሳሳት ይችላል። በመድኃኒት ቅባት አቃጥለው ወይም በክር አስረው ነጥብን በቤት በሚያስወግዱ ሰዎች ላይ ከጠባሳው ይልቅ የሚያስቆጨኝ ይህን ናሙና ማጣታቸው ነው።

ለሌሎች ታካሚዎች የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ በኋላ አሠራራችንን በሦስት ቦታ ለውጠናል። አንደኛ፣ ከሕክምናው በፊት የራስና የቤተሰብ ጠባሳ ታሪክ በጽሑፍ ይጠየቃል፤ ጆሮ የተበሱበትን ቦታና የክትባት ጠባሳን በዓይናችን እናያለን፤ ተጋላጭ የሆነ ሰው ነጥቡን ለመልክ ብቻ የሚያስወጣ ከሆነ ቢቀርስ የሚለውን አብረን እንመክርበታለን። ሁለተኛ፣ «ሌላ የምትቀቢው ነገር አለ?» ብለን መጠየቅን ትተናል፤ መልሱ ሁልጊዜ «የለም» ነው። በምትኩ «ቤት ውስጥ ቁስል ሲኖር የምትቀቡትን ሁሉ ይዛችሁ ኑ» እንላለን፤ የሚመጣው ብዛት እስካሁን ያስገርመኛል።

ሦስተኛውና ለእኔ ዋነኛው፣ ለታካሚው የሚሰጠው ወረቀት በክር ማውጫው ቀን አያበቃም። ለስፌት ቁስል እስከ 6ኛው ሳምንት ድረስ ከባድ ነገር አለማንሣትን፣ ቁስሉ ከተዘጋ ጀምሮ የፀሐይ ክሬምን፣ ተጋላጭ ለሆኑት ደግሞ የሲሊኮን ልጣፍን ቀን በቀን ይዘረዝራል። ጠባሳ መልኩን ይዞ እስኪረጋ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ስለሚወስድ የ3ኛው፣ የ6ኛውና የ12ኛው ወር ቀጠሮዎች ታካሚው ከክሊኒኩ ሳይወጣ ይጻፉለታል።

ታካሚዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየናት በ14ኛው ወር ነው። የመንጋጋዋ ነጥብ አላደገችም፤ የትከሻዋ ጠባሳ ረግቧል፤ የሲሊኮን ልጣፉን አቁማለች። ልጇ አብሯት መጥቶ ነበር፤ ስትወጣ በግራ ትከሻዋ ላይ ተሸክማው ሄደች።